የማይቀናው ሰውዬ

ጥቅምት 5

ለውድ ባለቤቴ፣

ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው መጀመሪያ ተቀመጪ። ሰላምታዬ ከባድ ስለሆነ በቆመ ሰው ላይ አይጫንም። እንደምን አለሽ? እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና መሆኔንም በገዛ እጄ ነው የምጽፍልሽ።

አዎ፣ በገዛ እጄ! ይህን የጻፈው ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ አይደለም። እዚህ ወረቀት ላይ የምታያት እያንዳንዷ ፊደል ከእኔ ጣት የወጣች ናት። አንዳንዷ ብታነክስ ከመንገዱ ርዝመት የተነሣ ደክሟት ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የማታ ትምህርት መግባቴን ሆን ብዬ ደብቄሽ ነበር፤ በድንገት ላስደነግጥሽ። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ገና ፈተና አልተፈተንንም፤ ግን ፊቴ ላይ ያስታውቃል። ከፊቴ የምትቀመጠው አትክልት ሻጯ እትዬ በየመስመሩ ዞር እያለች የእኔን ትገለብጣለች። ልጅ እግሯ አስተማሪያችንም አንድ ቀን ደብተሬን አንሥታ ለክፍሉ አሳየች። እንዴት መጻፍ እንደሌለበት ለማሳየት ነው አለች፤ ቢሆንም ያነሣችው የእኔን ነው።

ለምን ደብዳቤዎቼ ስለ ጣራና ስለ እናትሽ የደም ግፊት ብቻ እንደሆኑ ጠይቀሽኝ ነበር። ፋርማሲስቱ ነዋ! አንድ ቀን «ናፈቅሽኝ በልልኝ» ስለው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝና «ይኼ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሰጥም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጣራ ብቻ ሆነ። አሁን ግን መሐላችን ማንም የለም፤ ያልጠየቅሁትንም እጠይቃለሁ።

ያ ማየት የተሳነው የኢኮኖሚ ምሁር ስንት ዓመቱ ነው? ስታነቢለት የት ነው የምትቀመጪው? በሩስ ይዘጋል?

በክፉ አትይብኝ። ማታ ማታ እኔ ቁልፍ ስሞርድ አንቺ ጋዜጣ ታነቢልኝ ነበር። ሞረዱ አለ፣ ቁልፉ አለ፣ ጋዜጣውንም አሁን ራሴ አነበዋለሁ። ብቻ ዜናው እንደ ድሮው አይጥምም።

ስለ ምግቤ ለጠየቅሽኝ፦ እናትሽ ይልካሉ። ከሣህኑ ጋር ምክርም ይልካሉ። ሁለቱንም እጨርሳለሁ።

ቁልፍ ሠሪው ባልሽ


ጥቅምት 22

ጉረኛዬ፣

ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ ከዚያ ተነሣሁ፤ ከዚያ እንደገና ቁጭ አልኩ። እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም። ፖስታው ላይ ስሜን ሳይ ማን ነው ይህን የመሰለ ጠማማ እጅ ያለው ብዬ ነበር። የአንተ መሆኑ ሲገባኝ ፖስታውንም አልጣልኩትም።

ይቅርታ፣ መልሴ ዘገየ። የማነብላቸው ጋሼ ጉንፋን ይዟቸው ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርተናል።

ጋሼ አባቴን ያህላሉ። እኔ ከትልቁ ጠረጴዛ ወዲህ፣ እሳቸው ከወዲያ ነን፤ መሐላችን የወረቀት ክምር አለ። የክፍሉ በር በዝናብ አብጦ አይዘጋም። መስኮቱም ቀኑን ሙሉ ወደ መንገዱ ክፍት ነው፤ የሰው ድምፅ ይወዳሉ። የግቢው የብረት በር ደግሞ ሲከፈት ጩኸቱ ሰፈሩን ያስነሣል። አንተ ብትሰማው ታፍር ነበር። እና ምኑ ነው የሚዘጋው? አክስቴ ይህን ሥራ ስታገኝልኝ «ዓይን ትሆኛቸዋለሽ» ነው ያለችኝ፤ ዓይናቸው ነኝ፣ ሌላ ምንም አይደለሁም።

ምን እንደምናነብ ግን አልጠየቅህም፤ ልንገርህ። መጽሐፍ እየጻፉ ነው። ግብር ቢጨምር፣ የዳቦ ዋጋ ቢወጣ፣ አገር ምን ያደርጋል? እያንዳንዱን ሰው ዞሮ መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ የእሳቸው ሙያ ሰዎች አንድ ሰው ፈጥረዋል፤ ስለ ሁሉም ሰው የሚቆም። ጋሼ «ወኪሉ» ነው የሚሉት። ወኪሉ ምን እንደሚፈልግ አሳምሮ ያውቃል። ትናንት የሆነውን አይረሳም፣ ስለ ነገ ዛሬ ያስባል። ዋጋ ሲወጣ ትንሽ ይገዛል፣ ሲወርድ ብዙ። ሰው ያደረገውን አይቶ አያደርግም። አይቆጣም፣ አይኮርፍም። እንደ አንዳንድ ሰው በጥያቄ ሦስት ጊዜ አያፋጥጥም።

ይልቅ አንተ፣ ልጅ እግሯ አስተማሪህ ስንት ዓመቷ ነው? የማስተማሪያ ክፍሉስ በር ይዘጋል?

ራስህን ጠብቅ።


ኅዳር 9

ለባለቤቴ፣

ሰላምታውን በመጨረሻ ታገኚዋለሽ፤ አሁን ተናድጃለሁ።

ስለ ሽማግሌው አይደለም። አባትሽን ያህላሉ ካልሽኝ ወዲያ እሳቸውን ትቻለሁ፤ ዕድሜ ይስጣቸው። የሚያቃጥለኝ ያ ሁለተኛው ነው። አቶ ወኪሉ!

እኔ ሞኝ አይደለሁም። ወረቀት ላይ ያለ ሰው መሆኑ ገብቶኛል። ግን እስቲ ፍረጂኝ፤ ከሥጋ ለባሽ ጋር ብፎካከር ቢያንስ አንድ እንከን አላጣበትም። ያንኮራፋል፣ ወይ እግሩ ይሸታል፣ ወይ እናቱ ክፉ ናት። ይኼኛው እናት የለው፣ እግር የለው! ከጠዋት እስከ ማታ ስለ እሱ ታነቢያለሽ። «አይቆጣም፣ አይኮርፍም፣ አይረሳም» ስትዪ ብዕርሽ እንዴት እንደሄደ አይቻለሁ። እኔ ላይ ስትደርሽ ነው «አንዳንድ ሰው» የሚለው የወጣው። እኔ ባልሽ «አንዳንድ ሰው» ሆኜ፣ እሱ ሙሉ ሰው!

ደግሞም ውሸታም ነው። ማስረጃ አለኝ፤ ለጋሼሽ አንብቢላቸው። ባለፈው ሳምንት የልብስ ሰፊው ቤት ሌባ ገባ። በነጋታው ልብስ ሰፊው መጥቶ ጓጉንቸር ገዛ። ያንን አይታ የሾፌሩ ሚስት ከእሱ የሚበልጥ ገዛች። ልብስ ሰፊው በሯ ላይ አይቶት ተመልሶ መጣ፤ «ከእሷ የሚበልጥ አምጣ» አለኝ። «ሌባው እኮ አንተን ጨርሶሃል፤ አሁን ምኑን ነው የምትቆልፈው?» ስለው፣ «እሱ አንተን አይመለከትህም፤ ትልቁን አምጣ» አለኝ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ተሰለፈ። ዋጋ ጨመርኩ፤ ጭራሽ ተሻሙ! በሩ መጋረጃ ብቻ የሆነው ጫማ አሳማሪ እንኳ አንድ ገዛ። «ምን ላይ ልታንጠለጥለው ነው?» ብዬ ብጠይቀው «አንገቴ ላይ» አለኝ፤ ተሳሳቅን። እና አቶ ወኪሉ በዚህ ሰልፍ ውስጥ የቱ ጋ ነው ያለው? ዋጋ ሲወጣ ትንሽ ይገዛል? በእኔ ሱቅ በር አላለፈማ!

ጣቴን ሞረድ እንደበላው ሰምተሽ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ግን ድኗል። እናትሽ ከፖስታ ቤቱ ይፈጥናሉ።

አስተማሪያችን ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በሩም ይዘጋል፤ ስለሚበርድ። ይህን ስጽፍልሽ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ።

እንደምን ሰነበትሽ? ይኸው፣ ሰላምታው።


ታኅሣሥ 3

ለባለቤቴ፣

ለሚበርድ ክፍል ምድጃ ነው መፍትሔው፤ አስተማሪህ ጋ ሂድና ይህን ንገራት፤ በሩን ክፍት አድርጊ ብላለች በልልኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

የጓጉንቸሩን ታሪክ ለጋሼ አነበብኩላቸው። ስቀው ስቀው እንባቸውን ጠረጉ። ያሉትን እንዳለ ልጻፍልህ፦

«ባልሽ ልክ ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ወኪሉ የማይቀናው ጨዋ ስለሆነ አይደለም። ጎረቤት ስለሌለው ነው። አገሩ ሁሉ እሱ ብቻ ነው። ሻጩም እሱ፣ ገዢውም እሱ። በማን ይቅና? ለቅናት ሁለት ሰው ያስፈልጋል።»

«ታዲያ ለምን ሁለት አያደርጉትም?» አልኳቸው።

«ሁለት ሳደርገው ሦስተኛው ይመጣል፤ ከዚያ የባልሽ ሰልፍ ሁሉ ይገባብኛል። ስሌቱ አልዘጋ ይለኛል። ቅናትን የተውኩት ሳላውቀው ቀርቼ መሰለሽ? እኔም ባለትዳር ነበርኩ። የተውኩትን ማወቄን ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ እናገራለሁ፤ ሳይናገሩ የሚተዉ ናቸው የሚያሳስቡኝ።»

ይህን ካሉ በኋላ እስከ ምሳ አላሠሩኝም። ስለ ባለቤታቸው አወሩኝ። ምን እንዳሉኝ አትጠይቀኝ፤ የእሳቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ሳልነግርህ የቆየሁት ነገር አለ፤ ይቅር በለኝ። የእኔ ውል በጥር መጨረሻ ያልቃል። መጽሐፉ ግን አያልቅም። ጋሼ አንድ ዓመት ጨምሪልኝ ብለውኛል። ጥር ሳያልቅ መልስ መስጠት አለብኝ።

አንተ ምን ትላለህ? ቁም ነገር ነው የጠየቅሁህ፤ እባክህ አታሹፍብኝ። ስለ ፋርማሲስቱም፣ ስለ አትክልት ሻጯም መስማት አልፈልግም። ወኪሉ ቢሆን እንኳ ቁጭ ብሎ አመዛዝኖ ይመልስልኝ ነበር።


ታኅሣሥ 20

ለክብርት ባለቤቴ፣

ያቀረብሽውን ጥያቄ ተቀብዬ ቁጭ ብዬ አመዛዝኛለሁ።

በመቆየትሽ በኩል ያለው ጥቅም የታወቀ ነው። ሥራው ጥሩ ነው፣ ሰውዬው የተከበሩ ናቸው፣ የጀመሩትን መጨረስም ተገቢ ነው። በጉዳት በኩል ያለውን አንድ በአንድ መርምሬአለሁ። ጋዜጣ አሁን ራሴ ስለማነብ በዚህ በኩል የሚጎድልብኝ የለም። ምግብ ከእናትሽ ይመጣል። አልጋው ከቀድሞው ሰፍቷል። ቤት ውስጥ ጸጥታ በዝቷል፤ ጸጥታ ደግሞ ለጥናት ይጠቅማል።

ስለዚህ ብትቆዪ የተሻለ ነው።

ስለ ነገም አስቤአለሁ። አንድ ዓመት ረጅም ጊዜ አይደለም።

እንዳልተቆጣሁ፣ እንዳልኮረፍኩም አስታውቃለሁ።

ባለቤትሽ


ጥር 4

ለክቡር ባለቤቴ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ።

ጋሼ ምን እንደሚል ጠየቁኝና አነበብኩላቸው። ጠረጴዛውን መትተው «ወኪሌ መጣ! ራሱ ነው!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። መሳቅ እንደምወድ ስለሚያውቁ ሳቃቸውን ወዲያው አቆሙ።

ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባውም ፈለግሁህ። ቢያንስ አንድ ጉራ፣ አንድ ስድብ። እጁ የአንተ ነው፤ ፊደሎቹ እንኳ አላነከሱም፣ ምን ያህል ብትጠነቀቅ ነው! ግን የጻፈውን ሰው አላውቀውም።

ብቻህን ስትሆን ደህና እንደሆንክ ከተረዳሁ፣ እዚህ ደግሞ የሚፈልገኝ ሰው ካለ፣ ምን እላለሁ? እቆያለሁ። በወሩ መጨረሻ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ።

ባትጠይቀኝም፣ የብርድ ጊዜ ልብስህ ከቁም ሣጥኑ በስተጀርባ ባለው ሻንጣ ውስጥ ነው።


ጥር 14

አንተ ሰውዬ፣

ሐሙስ ዕለት የት ነበርክ?

አትዋሸኝ። የሆነውን ልንገርህና አንተ ትሞላዋለህ። ዓርብ ጠዋት ጋሼ ሻይ ይዘው እያዳመጡኝ ነው። ጋዜጣ አዳዩ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ «እንደምን አደሩ» ሲል ጋሼ ደንግጠው ሻዩን ጭናቸው ላይ አፈሰሱት። «ከየት መጣህ? በሩ መቼ ጮኸ?» አሉ።

አልጮኸም ነበር። ወጥቼ አየሁት። ያን በቀን ሃምሳ ጊዜ ጥርሴን የሚያፋጨኝን የግቢ በር በአንድ ጣት ገፋሁት፤ እንደ መጋረጃ ሄደ። ማጠፊያዎቹ ተሞርደዋል፣ ግራሶ ጠግበዋል፣ መቀርቀሪያው ታድሷል። ጎንበስ ብዬ ከመቀርቀሪያው ሥር አየሁ። በሠራኸው ሁሉ ላይ የምታሰፍራት፣ ሁለት የሞረድ ጭረት የተቆራረጡባት ምልክት እዚያ አለች።

የማዶውን ሻይ ቤት ባለቤት ጠየቅኋት። «የዕቃ ሣጥን የያዘ ሰው ከመስኮታችሁ ሥር ብዙ ቆመ። ፊቱን አይቼ ሊሰርቅ ወይ ሊያለቅስ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ጃኬቱን አውልቆ በሩን ይሠራ ጀመር። ሲጨርስ ሦስቴ ከፍቶ ሦስቴ ዘጋው፣ ሣጥኑን አንሥቶ ሄደ» አለችኝ።

ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጉዘህ፣ እኔን ሳታየኝ፣ የሰው በር ሠርተህ ተመለስክ? ማን አዘዘህ? ምን ማለት ነው?

የማታውቀው ነገርም አለ። ያ ጩኸት የጋሼ ዓይን ነበር። ፖስተኛው በአንድ ግፊያ ነው የሚከፍተው፣ የወንድማቸው ልጅ በሁለት፣ የጎረቤት አሮጊት ደግሞ ቀስ እያሉ ያስለቅሱታል። ማን እንደመጣ በዚያ ነበር የሚያውቁት። ለዚህ ነው ዓመታት ሙሉ ዘይት እንዳይነካው ያደረጉት። ይኼው አሁን በገዛ ቤታቸው ይደነግጣሉ።

«ማን ሠራው?» ሲሉኝ «ባሌ» አልኩ። «ስንት አስከፈለ?» «ምንም።» «ታዲያ ለምን ሠራው?»

ምን ብዬ ልመልስላቸው? ንገረኝ።


ጥር 19

ለሚስቴ፣

ተቀመጪ እንዳልልሽ አሁን እኔ ነኝ መቀመጥ ያቃተኝ።

«ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባውም ፈለግሁህ» የሚለው ላይ ስደርስ ሱቄን ዘጋሁ። በሩ ላይ «የለሁም» ብዬ ጻፍኩ፤ በራሴ እጅ። እትዬ አትክልት ሻጯ አንብባው «እሱስ ከጥቅምት ጀምሮ የለህም» አለችኝ። አውቶቡስ ላይ የምነግርሽን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ንግግሬ እንዴት ያማረ ነበር! አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሁለት ጊዜ ደግሜላት ሁለተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

መስኮቱ ሥር ስደርስ ታነቢ ነበር። ስለ እሱ ነው፤ ስለ አቶ ወኪሉ። ነገን ከዛሬ ጋር ሲያመዛዝን። ድምፅሽ ያው ነው፤ ዓረፍተ ነገር ስትጨርሺ ትንሽ ዝቅ ትያለሽ። አንድ ዓመት ሊሞላው ነው ካልሰማሁት። ከዚያ ሽማግሌው አንድ ነገር አሉሽና ሳቅሽ። ጆሮዬ ነደደ። ያ ሳቅ የእኔ ነበር እኮ! እኔ ነኝ ያሳደግሁት! በእኔ ቀልድ ነው የለመድሽው! እዚያው ቆሜ በሽማግሌውም፣ በወረቀቱም ሰውዬ፣ በጠረጴዛውም፣ በመስኮቱም ቀናሁ።

ገብቼ ሁሉንም ላፈርጠው ስል ጋዜጣ አዳዩ ወጣ፣ በሩም ጮኸ። አንቺዬ፣ ምን ዓይነት ጩኸት ነው! የጠላቴ በር ቢሆንስ በር አይደለም? እጄ ሣጥኑን ከፈተ። ከማዶ ቆርቆሮ የሚያራግፍ መኪና ስለነበር ሞረዴን አልሰማችሁም። ስጨርስ በሩ እንደዚያ ሆኖ ሲከፈት ለመግባት ሰበብ አጣሁ፣ ወኔም አጣሁ። ሳቅሽን ይዤ ተመለስኩ።

ለምን ሠራው ላሉሽ፦ አላውቅም በያቸው። ቀንቶ ነው በያቸው። የቀና ሰው በር ይሰብራል እንጂ መች ይሠራል ካሉሽ፣ እኔም እሱን ነው የማላውቀው በያቸው። ዓይናቸው መሆኑን ግን አላወቅሁም፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ያን ክብርት ባለቤቴ የሚለውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ገልብጬ ነው የጻፍኩት። «ወኪሉ ቢሆን» ስላልሽ ልበልጠው ፈለግሁ። በለጥኩትም፤ ያኔ አንቺን ለእሱ ጥዬ ቀረሁ። የሞላሁት ሁሉ ውሸት ነው። ጋዜጣው ርዕሱን አልፌ አላውቅም። ጸጥታው ጆሮ ይበላል። አልጋው ላይ አሁንም በዳር በኩል ነው የምተኛው።

ነይ።

አመዛዝኜ አይደለም። ብመዝነው መቆየትሽ ሊበልጥ ይችላል፤ እኔ እንጃ። ነይ።


ጥር 26

ጉረኛዬ፣

ጋሼ «ቁልፍ ሠሪው ምን ይላል?» አሉኝ። «ይኼኛው ጮክ ተብሎ አይነበብም» አልኳቸው። «አሁን ገና ደብዳቤ ጻፈ» አሉ።

ከዚያ ልሄድ መሆኑን ነገርኳቸው። እስከ ምሳ አላናገሩኝም። ወኪሉ አይኮርፍም፤ ጋሼ ግን ኮረፉ። ከምሳ በኋላ የያዝነውን ምዕራፍ ጨርሰን፣ የቀረውን የወንድማቸው ልጅ እንድታነብላቸው ተስማማን። ድምፅዋ ጥሩ ነው። ትንሽ ቀናሁ።

አንድ ነገር ብቻ አላስማማንም። «በሬን ይመልስልኝ» ይላሉ።

ስለዚህ ና። ሞረድህን ይዘህ ና። ግራሶውን ጥረግ፣ ማጠፊያዎቹን አሻክራቸው፣ በሕይወትህ ካየሁልህ ሥራ ሁሉ ያማረውን በገዛ እጅህ አበላሸው። እንዲያው ቢጮህ አይበቃቸውም፤ የፖስተኛው ከአሮጊቷ ካልተለየ አይቀበሉህም። ምልክትህን ግን አትፋቃት፤ እሷን ዳስሰው አግኝተዋታል።

ቀኑን አትጻፍልኝ። ሻንጣዬ ከደረጃው ሥር ነው። በሩ ሲጮህ ስሰማ አነሣዋለሁ።